የእናቴን እንዶድ በጠርሙስ ላራባ ብዬ ሻጋታ እያራባሁ ነው፤ ምን ላድርግ?

ከፊራ84 • የካቲት 12

ሰላም ለድሬና ለሐረር ሰው ሁሉ።

ሐረር እናቴ ግቢ፣ አጥሩ ላይ የተንጠላጠለ አንድ እንዶድ አለ። ዕድሜው ከኔ ይበልጣል። ፍሬው ዘለላ ዘለላውን ይንዠረገጋል። እናቴ ነጠላዋን ዛሬም የምታጥበው በሱ ነው፤ «ሳሙና ክሩን ይበላዋል» ትላለች። ጎረቤቱም እየመጣ ይለቅማል። ዘንድሮ አጥሩ ፈርሶ በብሎኬት ሊሠራ ነው። የእንዶዱ ግንድ ደግሞ የቆመው ልክ መሠረቱ የሚቆፈርበት ላይ ነው። ግንበኛው እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥቶኛል።

ዘሩን ለምን አትዘራም እንዳትሉኝ። እንዶድ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነው፤ ከዘር የበቀለው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሲያብብ ነው። እኔ የምፈልገው ይህችኑ ሴት፣ ራሷን ነው። ባለፈው ክረምት 30 ቁራጭ ቆርጬ ተከልኩ፤ 7 ያዙ፤ ድሬ ቤቴ አመጣኋቸው፤ አንድም አልቀረ።

ስለዚህ ቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ትንሽ የተክል ቁራጭን ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ማራባት፣ ገባሁ። ባዮሎጂ ተምሬያለሁ፤ ላብ ውስጥ የገባሁት ግን በጣት የሚቆጠር ቀን ነው። የኤምኤስ ዱቄት (የተክሉ ምግብ)፣ አጋር (ማርጊያው) እና ቢኤፒ የሚባለውን ሆርሞን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። በሊትር 30 ግራም ስኳር፣ 7 ግራም አጋር፣ 1 ሚሊግራም ቢኤፒ። ኦቶክሌቭ (የላብ የእንፋሎት ማምከኛ) የለኝም፤ የባለቤቴን ፕሬሸር ኩከር ለ15 ደቂቃ። አንጓውን በበረኪና አጥቤ፣ እጅ ማስገቢያ በቀደድኩለት የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ በምላጭ ቆርጬ ማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ሰካሁት። 24 ጠርሙስ። በሳምንቱ 19ኙ ተበላሸ። ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ጥጥ የመሰለ፣ ሁሉም ዓይነት አለኝ። ባለቤቴ ኩከሩን መልስ እያለች ነው።

ደንገጎ_ላይ • የካቲት 12

አቦ ምን ሆነህ ነው? እንዶድ እኮ አጥር ነው። ክረምት ሲገባ ወፈር ያለ ቅርንጫፍ ቆርጠህ ትሰካለህ፣ ያዘ ያዘ፣ አልያዘ ደግሞ ትሰካለህ። አባቴ ጠርሙስ ሳያውቅ ነው ግቢ ሙሉ ያበቀለው። በዚህ ዓይነት ነገ ግራዋም በላብራቶሪ ሊሆን ነው።

የአንጓ_ሰው • የካቲት 12

ደንገጎ፣ ግማሹን ልክ ነህ። ዳማከሴ፣ ግራዋ፣ ስሚዛ በቁራጭ ስለሚያዙ ለነሱ ጠርሙስ ማባከን ነው። እዚህ ግን ሰውየው የቀረው ሁለት ወር ነው፤ ዛፉ አንድ ነው፤ ክረምቱ ገና ነው። አንድ አንጓ ንጹሕ ሆኖ ከገባለት በየአራት ሳምንቱ እየቆራረጠ ሁለት ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። በሦስት እጥፍ ከሄደ ከአንዱ በስድስት ወር 729 ይወጣል። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው፤ በተግባር ሩቡን ካገኘህ ተመስገን። እንዶድ ከቡቃያ ጫፍና ከአንጓ በዚህ መንገድ እንደሚራባ ከታወቀ 30 ዓመት አልፎታል፤ አዲስ ነገር አልያዝክም።

እኔ ሙዝና ድንች በሚያራባ ላብ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከፊራ፣ ከመምከሬ በፊት ልጠይቅህ፦ ሻጋታው የጀመረው ከየት ነው? ከቁራጩ ሥር? ከቅጠሉ? ወይስ ከቁራጩ ርቆ ሚዲያው (የረጋው ምግብ) መሃል ላይ?

ከፊራ84 • የካቲት 13

ወላሂ አላየሁም። አንዴ ሲበላሽ ነው የማየው።

የአንጓ_ሰው • የካቲት 13

እንግዲያው ሌባውን ሳታውቅ በር እየቀየርክ ነው። ሦስት ተጠርጣሪ አለ፦ ሚዲያው፣ አየሩና እጅህ፣ ተክሉ ራሱ። መለያውም ቀላል ነው። 20 ጠርሙስ ሚዲያ ሥራ፣ ምንም ተክል አታስገባ። አስሩን ከኩከሩ ካወጣህ በኋላ ጭራሽ አትክፈት። አስሩን ሳጥንህ ውስጥ ከፍተህ፣ ልክ እንደምትሰካ አድርገህ ምላጩን አስነክተህ ዝጋ። አሥር ቀን ጠብቅ። ያልተከፈቱት ከተበላሹ ጥፋቱ የኩከሩ ነው። የተከፈቱት ብቻ ከተበላሹ አየሩና እጅህ ነው። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ተክሉ ራሱ ይዞት እየገባ ነው።

ደግሞም ውሃህ የምን ውሃ ነው?

ከፊራ84 • የካቲት 13

የቧንቧ። አፍልቼ።

የአንጓ_ሰው • የካቲት 13

የድሬን ውሃ! ማንቆርቆሪያህን ገልብጠህ እየው፤ ውስጡ የተጋገረው ነጭ ነገር ኖራ ነው። ማፍላት ጨዉን ሁሉ አያወጣም፤ ውሃው ሲተን የቀረው እንዲያውም ይብስበታል። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ ግዛ። ስትገዛ ግን ተጠንቀቅ፦ ውሃውና አሲዱ በተመሳሳይ ጀሪካን ይሸጣሉ። አሲዱ ያቃጥላል። «ለመሙያ» ብለህ ጠይቅ፣ ጽሑፉንም አንብብ።

ፒኤች (የአሲድነቱን መጠን) ትለካለህ? 5.8 አካባቢ መሆን አለበት። ከ5 ከወረደ አጋሩ አይረጋልህም፣ ከ6 በጣም ካለፈ ደግሞ ይደርቃል። የወረቀት መለኪያ ይበቃል።

ሸዋ_በር • የካቲት 13

ፋርማሲስት ነኝ፣ ሐረር። ስለ በረኪናና አልኮል አንድ ነገር ልጨምር። ሰው 96 በመቶ አልኮል የበለጠ የሚገድል ይመስለዋል። አይደለም፤ 70 በመቶው ነው የሚሻለው፤ ውሃ ካልኖረበት የተሕዋሲውን ውጫዊ ክፍል ቶሎ አድርቆ ውስጡን ይተወዋል። ከ96ቱ 73 ሚሊ፣ ውሃ 27 ሚሊ። በረኪናው የቤት ከሆነ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ነው፤ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ፣ ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ 10 ደቂቃ። ከዚያ በተቀቀለ ንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ። በረኪናና አልኮልን በአንድ ዕቃ እንዳትደባልቅ። የተከፈተ በረኪና ደግሞ በድሬ ሙቀት ቶሎ ኃይሉን ያጣል፤ አዲስ ግዛ።

በነገራችን ላይ መመሪያዎቹ ሁሉ «በሚፈስ የቧንቧ ውሃ ሥር ለ30 ደቂቃ እጠብ» ይላሉ። ያንን የጻፈው ሰው ሐረር አልኖረም። እኔ በባልዲ ሦስት ጊዜ እየቀየርኩ ነው የምሠራው።

ብሩክታዊት_ተማሪ • የካቲት 14

እንደምን ዋላችሁ። እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ፣ የባዮቴክኖሎጂ ተማሪ። ከፊራ፣ እርስዎ የሚሠሩት ሥራ በጣም ደስ ይላል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ማየታቸው ነው የሁሉ ነገር መነሻ። የቢልሃርዚያ ትል የሚራባው በነዚያ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ስለሆነ፣ ገበሬው ራሱ ግቢው ውስጥ የሚያበቅለው መድኃኒት ተገኘ ማለት ነው። በኋላ ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገርም በስማቸው ለማቶክሲን ይባላል። ከየቦታው ከተሰበሰቡት የእንዶድ ዓይነቶች ተመርጦ የወጣው ደግሞ ኢ-44 ይባላል። የእርስዎ እናት እንዶድም እንዲህ ያለ ምርጥ ሊሆን ይችላል።

ከፊራ84 • የካቲት 14

ብሩክታዊት አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ እዚህ አንቱታ የለም። ድሬ ከንቲባውም «አንተ» ነው። «እርስዎ» ስትይኝ አባቴን ከኋላዬ ፈለግኩት።

ተስፈኛው • የካቲት 15

ይቅርታ ርዕስ ካስቀየርኩ። ሥሩ ለውሻ በሽታ ይጠጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። መጠኑ ስንት ነው?

ሸዋ_በር • የካቲት 15

መጠን የለውም፣ አይጠጣም። እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን ስላለው ነው፤ ያው አረፋ ዓሣ ይገድላል። ሰውም ጠጥቶ ሞቷል። ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን አሁኑኑ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ክትባት። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መመለሻ የለውም። የነከሰው ሰው ካለ ደግሞ እዚህ መጻፍህን ትተህ ሂድ።

ተስፈኛው • የካቲት 15

ኧረ ማንንም አልነከሰ። ለማወቅ ነው። እግዜር ይስጥሽ።

ከፊራ84 • የካቲት 24

አሥር ቀን ሞላ። ካልተከፈቱት 10 ውስጥ 4 ተበላሹ። ከተከፈቱት 10 ውስጥ 6። ስለዚህ ኩከሩ ነው? ባለቤቴ ኩከሯ መሰደቡን ከሰማች ለኔ አይበጀኝም።

የአንጓ_ሰው • የካቲት 24

ዋናው ኩከሩ ነው፤ ትንሽ ደግሞ እጅህ አለበት። ኩከሩን አትውቀሰው፣ አጠቃቀሙን ነው። አየህ፣ መጽሐፉ ላይ ያለው 121 ዲግሪና 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የባሕር ወለል ሂሳብ ነው። የኩከሩ ግፊት ከውጭው አየር ላይ ነው የሚደመረው፤ ከፍ ባልክ ቁጥር የውጭው አየር ይቀንሳል። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ያው 15 ፒኤስአይ እዚያ የሚሰጥህ ወደ 119 ዲግሪ ነው። ሐረር 1900 ሜትር አካባቢ ነው፣ 117 ወይም 118 ነው የሚሆነው። የቤት ኩከር ደግሞ ብዙውን ጊዜ 15 ራሱ አይሞላም። ሁለት ሦስት ዲግሪ ምን አላት እንዳትል፤ ሙቀትን የሚቋቋሙት የባክቴሪያ ስፖሮች በዚችው ልዩነት ነው የሚተርፉት።

ዋናው ስህተት ግን ሌላ ይመስለኛል። ክዳኑ ላይ የሚቀመጠውን ክብደት ከመጀመሪያው አስቀምጠህ ነው የምትጥደው?

ከፊራ84 • የካቲት 24

አዎ። ሽሮ ስንሠራ እንደዚያ ነው።

የአንጓ_ሰው • የካቲት 24

ሽሮ አይደለም። ውስጡ የታፈነ አየር ካለ ግፊቱ ይኖራል ሙቀቱ ግን አይደርስም። መጀመሪያ ያለ ክብደት አፍላው፤ እንፋሎቱ ሳይቋረጥ 8 ደቂቃ ያህል በኃይል ይውጣ፤ ከዚያ ክብደቱን አስቀምጥ። ሰዓት መቁጠር የምትጀምረው ማፏጨት ሲጀምር ነው። 35 ደቂቃ። በየጠርሙሱ ከ30 ሚሊ በላይ አትሙላ፣ ክዳኑን ላላ አድርገህ። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ከዜሮ ጀምር፤ «20 ደቂቃ በስሎ ነበር» የሚባል ነገር የለም። በጋዝ ብታደርገው ትገላገላለህ። ስኳሩ ወደ ቡና ዓይነት ከተለወጠ አብዝተኸዋል ማለት ነው።

ለእጅህ፦ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሥራ። የድሬ አቧራ ከረፋዱ በኋላ አያሠራህም። ማራገቢያ አጥፋ፣ አታውራ፣ አትዝፈን።

ደንገጎ_ላይ • የካቲት 25

በሌሊት ተነስቶ፣ አፍ ዘግቶ፣ እጅ ሳጥን ውስጥ ከትቶ። ይሄ ቲሹ ካልቸር ነው ወይስ ድግምት?

ብሩክታዊት_ተማሪ • የካቲት 25

ስለ አጋር ዋጋ ካሰብክ ከፊራ (አንተ አልኩህ!)፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ቡላ የአጋር ምትክ ሆኖ ለድንች ተሞክሯል። ከእንሰት የሚወጣው ቡላ ማለቴ ነው። ደመና ይመስላል እንጂ ይረጋል ይላሉ። እኔ አልሞከርኩትም።

የአንጓ_ሰው • የካቲት 25

ይረጋል። ግን ለጀማሪ አልመክርም። ሚዲያው ካልጠራ የባክቴሪያ ደመና ሲመጣ አታየውም። መጀመሪያ ዓይንህ ይልመድ።

ከፊራ84 • መጋቢት 9

አዲሱ አሠራር፦ ባዶዎቹ 10 ጠርሙሶች አሥሩም ንጹሕ! ከዚያ 24 አንጓ ሰካሁ። ሻጋታ የመጣው 3 ላይ ብቻ ነው። ነገር ግን 16ቱ ላይ፣ በአምስተኛው ቀን ገደማ፣ ቁራጩ ሚዲያውን ከነካበት ዙሪያ ወተት የመሰለ ቀለበት ወጣ። ይሄ ምንድነው? ፋሲካ እየመጣ ነው።

የአንጓ_ሰው • መጋቢት 9

አሁን ጥሩ ጠየቅህ። ባክቴሪያ ነው፣ ከተክሉ ውስጥ የወጣ። ግንዱ ዕድሜው ከኔ ይበልጣል አላልክም? ሠላሳ አርባ ዓመት አጥር ላይ የኖረ ነገር፣ ፍየል የነካው፣ ዝናብ ያደረበት፣ በረኪና ቆዳውን እንጂ ውስጡን አያጥብልህም። በረኪናውን ብታጠነክር ቡቃያውን ትገድላለህ፣ ባክቴሪያው እዚያው ነው።

መድኃኒቱ አዲስ ለጋ ነው። ዛሬውኑ ሐረር ውጣ። ሦስት አራት ቅርንጫፍ በደንብ ግረዝ። ከቁርጡ በታች ያሉት ዓይኖች በሁለት ሳምንት ይፈነዳሉ። ላዩን በላስቲክ ጣራ አድርግለት፣ ውሃ ከሥሩ ብቻ፣ ቅጠሉ ጠብታ አይንካው። ቡቃያው አንድ ስንዝር ሲሆን ከጫፉ ያሉትን ሁለት ሦስት አንጓዎች ብቻ ውሰድ። ከላይ በሄድክ ቁጥር ባክቴሪያው ያንሳል፤ ጫፉ ከሱ ቀድሞ ነው የሚያድገው። በንግድ ላቦች ከቫይረስ የጸዳ ድንች የሚያወጡትም በዚሁ ሐሳብ ነው፤ እነሱ የሚቆርጡት ግን በማጉያ የሚታየውን ጫፍ ነው።

የአያቴ_ጀበና • መጋቢት 10

ሐረር ነኝ፣ ቡዳ በር አካባቢ። እናትህ የምትኖርበትን ሰፈር ብትነግረኝ ውሃውን እኔ አጠጣለሁ፣ አንተ በየቀኑ መመላለስ የለብህም። አያቴ ስለ እንዶድ ስነግራት «የኛም አጥር ላይ አለ፣ ግን የማይረባ ነው» አለች።

ከፊራ84 • መጋቢት 10

እህቴ እግዜር ይስጥሽ። በውስጥ ልጽፍልሽ ነው።

ከፊራ84 • ሚያዝያ 12

22 አንጓ ከለጋው ቡቃያ፣ ከ12 ቀን በኋላ፦ 11 ንጹሕ። አሥራ አንድ! ሁለቱ ዓይናቸውን ከፍተዋል። ባለቤቴ ጠርሙሶቹን ለእንግዳ ማሳየት ጀምራለች፣ ስለ ኩከሩ ማንሳት አቁማለች።

ከፊራ84 • ሚያዝያ 21

አጥሩ ፈረሰ። ግንዱን ለመንቀል ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ፈጀባቸው፤ ሥሩ እንደ ሰው ጭን ነው። እናቴ አላየችም፣ ቤት ገብታ በሯን ዘጋች። የመጨረሻውን ፍሬ በማዳበሪያ አስቀምጣዋለች። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ቁመቱ የጣት ያህል ነው፤ ፎቶውን አሳየኋት፤ «ይሄ እንዶድ ነው? ጎመን ይመስላል» አለች።

ሸዋ_በር • ሚያዝያ 21

አይዞህ።

ከፊራ84 • ግንቦት 22

ከ60 ጠርሙስ በላይ ደርሻለሁ፤ ግን ግማሹ ቅጠሉ ብርጭቆ ሆኗል። ወፍራም፣ ውሃ የቋጠረ፣ ስነካው የሚሰበር። ሆርሞኑ ያው 1 ሚሊግራም ነው።

የአንጓ_ሰው • ግንቦት 22

ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነው?

ከፊራ84 • ግንቦት 22

ቀን ቀን 33። ግንቦት ነው፣ ድሬ ነው፣ ምን ልበልህ።

የአንጓ_ሰው • ግንቦት 22

ተክሉ የሚፈልገው 25 አካባቢ ነው። ሙቀት፣ ጥብቅ ክዳንና ሆርሞን ሲገናኙ እንደዚህ ይሆናል። ቢኤፒውን ወደ ግማሽ አውርድ፣ አጋሩን ወደ 8 ግራም ከፍ አድርግ፣ መብራቱን ለሌሊት አዙር፦ 16 ሰዓቱ ማታ ይብራ፣ ቀን ይተኛ። ብርጭቆ የሆኑትን አትጣል፣ ወደ አዲሱ ሚዲያ ብትቀይራቸው ግማሾቹ ይመለሳሉ።

ሚዛንህስ? ቢኤፒውን በምን እየመዘንክ ነው?

ከፊራ84 • ግንቦት 22

መጋላ ወርቅ ቤት ያለ ጓደኛዬ ጋ። 100 ሚሊግራም መዝኖልኝ፣ በጥቂት ጠብታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙቼ ወደ 100 ሚሊ ውሃ ሞላሁት። ከሱ 1 ሚሊ ለሊትር። ሲመዝን «ይሄ ምን ካራት ነው?» ብሎኛል።

የአንጓ_ሰው • ግንቦት 22

እሱ ጥሩ። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚስተው። ዱቄቱን በየጊዜው ለመመዘን ሲሞክር አንዴ ሁለት እጥፍ፣ አንዴ ግማሽ ያደርገዋል።

ከፊራ84 • ሰኔ 19

መጥፎ ዜና። ሥር ያበቀሉ 18 አወጣሁ (በግማሽ ኤምኤስ፣ አይቢኤ በሚባለው ሆርሞን፣ በሦስት ሳምንት ጥሩ ነጭ ሥር ሰጡኝ)። ሥሩን በለብ ያለ ውሃ አጥቤ አጋሩን አስለቀቅሁ፣ በተቆላ አሸዋና ኮምፖስት ተከልኩ፣ በተቆረጠ ሃይላንድ ሸፈንኩ። በሦስተኛው ቀን 18ቱም ጠወለጉ። በአምስተኛው አለቁ። በጥላ ነበሩ እኮ!

ደንገጎ_ላይ • ሰኔ 19

አሁን እኔ ልናገር። ባለፈው ዓመት ቁራጮችህ የት ሞቱ? ድሬ። አሁን የት ሞቱ? ድሬ። ከኛ በታች፣ ከደንገጎ ቁልቁል፣ አጥር ላይ እንዶድ አይተህ ታውቃለህ? እንዶድ ደጋና ወይና ደጋ ነው ሰውዬ። የናትህ ቤት ሐረር ነው። አንተ ደገኛውን አምጥተህ ምድጃ ውስጥ ከተህ፣ ሆርሞን ስትቆጥር ትውላለህ።

የአንጓ_ሰው • ሰኔ 19

ተሸነፍኩ። አራት ወር ሙሉ ስለ ኩከር ሳወራ ይህን አላነሳሁም። እንዶድ በተፈጥሮ የሚበቅለው ከ1500 ሜትር በላይ ነው። ጠርሙስ ውስጥ እስካለ አገር የለውም፣ የትም ይኖራል፤ ሲወጣ ግን አገሩን ይጠይቃል። ከጠርሙስ የወጣ ቅጠል ላዩ ላይ ሰሙ ስስ ነው፣ ቀዳዳዎቹንም መዝጋት አልተማረም፤ በድሬ ሰኔ አየር ውሃው በሰዓታት ነው የሚያልቀው።

የቀሩትን ሳታወጣ፣ ከነጠርሙሳቸው ሐረር ውሰድ። ዝናቡ ሲገባ እዚያ አውጣቸው። ሃይላንዱን መጀመሪያ ሳምንት ድፍን አድርገው፣ በሁለተኛው ክዳኑን ክፈት፣ በሦስተኛው ማታ ማታ አንሳው፣ በአራተኛው አውልቀው።

ከፊራ84 • ሐምሌ 8

ሄድኩ። 46 ጠርሙስ፣ ሁለት የቢራ ሳጥን፣ መሃል መሃሉ ጋዜጣ። ሚኒባስ ላይ ጭን ላይ ካልያዝኩት አልሄድም ብዬ ሁለት ወንበር ከፈልኩ። ደንገጎን ስንወጣ በእያንዳንዱ ኩርባ ጠርሙሱ ሲንጫጫ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አለማያ ላይ አንዲት ጫት ይዛ የገባች ሴት ለረጅም ጊዜ አፍጥጣ ካየች በኋላ «ምንድነው?» አለችኝ። «እንዶድ» አልኳት። «እንዶድ በጠርሙስ? ስንት ነው?» አልሸጥም ስላት «አቦ ተወው፣ የኛ ግቢ በነጻ አለ» ብላ ዞረች። አወዳይ ላይ ወርዳ፣ በመስኮት መልሳ «ከፈለግክ ና ውሰድ» አለችኝ።

አንድ ጠርሙስ ብቻ ተሰበረ።

ብሩክታዊት_ተማሪ • ሐምሌ 9

እባክህ ፎቶ። ለክፍሌ ልጆች ላሳይ።

ከፊራ84 • ነሐሴ 24

31 በሕይወት አሉ። ሃይላንዱ ከወለቀ ሁለት ሳምንት አለፈው። ትልቁ ጉልበቴ ጋ ደርሷል። 14ቱን ቀንድ አውጣዎች በሏቸው፤ አዎ፣ ቀንድ አውጣ ገዳዩን ተክል ቀንድ አውጣ በላው። ሳቁ። እናቴ በብሎኬቱ አጥር በውስጥ በኩል 6 ተከለች፣ ለጎረቤት 9 ሰጠች። ለመውሰድ ሰልፍ ላይ ያላችሁ ንገሩኝ።

ደንገጎ_ላይ • ነሐሴ 24

ለቀንድ አውጣው አመድ ዙሪያውን ነስንስ። ለኔ ሁለት። ጠርሙስ አልወድም ብል እንኳ ነጻ ነገር አልጠላም።

ሸዋ_በር • ነሐሴ 25

ደስ ሲል። ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ እያሳሰበኝ ነበር፣ እንደምታውቁት ብዬ ዝም አልኩ። 31ዱም የአንዲት ሴት ቅጂ ናቸው። ሁሉም ሴት ናቸው። ፍሬ የሚይዙት ቅርብ ወንድ ካለ ነው። ያቺ አሮጊት እንዶድ ለአርባ ዓመት ያፈራችው በአካባቢው አንድ ወንድ ስለነበረ መሆን አለበት። ያ ወንድ አሁንም አለ?

ከፊራ84 • ነሐሴ 25

...

እናቴን ጠየቅኋት። ጎረቤት ግቢ አንድ ነበረ፣ ቤቱ ሲታደስ ሁለት ዓመት በፊት ተቆረጠ አለች። የዘንድሮው ፍሬ ለምን እንዳነሰ አሁን ገባኝ።

የአንጓ_ሰው • ነሐሴ 25

እኔ ዛሬ ሁለተኛ ጊዜ ተሸነፍኩ። ፍሬውን ያየ ሰው ወንዱን አይጠይቅም።

የአያቴ_ጀበና • ነሐሴ 26

ቆይ ቆይ። የኛ አጥር ላይ ያለው «የማይረባ» እንዶድ! አያቴ በየዓመቱ ያብባል አንድ ፍሬ አይዝም እያለች ታማርራለች። ለመስከረም ይቆረጥ ብላ ሰው ነግራለች። ከእናትህ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም።

ከፊራ84 • ነሐሴ 26

አታስቆርጪው! እባክሽ። አበባ አለው አሁን?

የአያቴ_ጀበና • ነሐሴ 26

አለው። ረጅም ዘለላ፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ።

ሸዋ_በር • ነሐሴ 26

አንዷን አበባ ቀጥፈሽ በጥፍርሽ ክፈቻት። ወንድ ከሆነ ረጃጅም ክሮች ጫፋቸው ላይ ዱቄት ይዘው ይታዩሻል፣ መሃሏ ባዶ ነው ወይም ምንም አይመስልም። ሴት ከሆነች መሃሏ ላይ እንደ ትንሽ ዱባ የተከፋፈለ አረንጓዴ ጉብታ አለ፣ ክሮቹ አጫጭርና ባዶ ናቸው። ፎቶ አንሺና ላኪ።

የአያቴ_ጀበና • ነሐሴ 27

ዱቄቱ ጣቴን ቢጫ አደረገው። አያቴ «እና ይሄ ወንዱ ነው? ታዲያ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም፣ ስሰድበው ኖርኩ» አለች። ሰውየውን መልሳዋለች። ደግሞ ለከፊራ ንገሪው አለች፦ ከ31ዱ አንዷ የሷ ናት፣ አጥሩ ሥር ጉድጓዱን አስቆፍራለች።